ስለ ግቢ መተላለፊያ ንጣፍና ስለ ዝናብ ውሃ አወራረድ

ማናቸውም የንግድ ሥራ የሚካሄድበት ግቢ ከውጭ በሩ እስከ መጋዘኑ፣ እስከ ሱቁ ወይም እስከ ጽሕፈት ቤቱ የሚያደርስ አንድ መተላለፊያ ሳይኖረው አይቀርም። ገዢው ገብቶ የሚወጣው፣ ባለ ሸክሙ ጆንያውን ተሸክሞ የሚመላለሰው፣ ጋሪውም የሚገፋው በዚሁ ላይ ነው። ግራና ቀኙ አበባና ሣር የተተከለበት ከሆነ ደግሞ ለእንግዳ ዓይን ደስ የሚያሰኝ፣ ለባለ ግቢውም መከበሪያ ይሆናል። በጥርና በየካቲት እንዲህ ያለውን መንገድ አይቶ ጉድለት የሚያገኝበት ሰው ጥቂት ነው። የግንበኛውን ሥራ የሚመረምረው ሐምሌ ነው።

ብዙ ነጋዴዎች ለዕቃቸው መድን ይገባሉ፤ ለመጋዘናቸው ጠንካራ ቁልፍ ያስገጥማሉ፣ ዘበኛ ያቆማሉ፤ የቆርቆሮውንም ቀዳዳ በየዓመቱ ያስደፍናሉ። ከጣራ የሚገባው ውሃ የታወቀ ጠላት ነው። በመሬት ላይ እየተሳበ ከደጃፍ የሚገባው ውሃ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው የታችኛው ረድፍ ጆንያ ለጭነት ሲነሣ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ድንጋይ እንዴት እንደሚነጠፍ ብቻ ሳይሆን፣ ይልቁንም በድንጋዩ ላይ የወደቀው ዝናብ በየት በኩል አልፎ ወዴት እንደሚወጣ ለመግለጽ እንሞክራለን። ጉዳዩ የአትክልተኛና የግንበኛ ብቻ ይመስል ይሆናል፤ ዳሩ ግን ኪሳራው ሲመጣ የሚጻፈው በነጋዴው መዝገብ ላይ ነው።

ውሃን ከሕንፃ አርቆ የመምራት ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ሲፈለፈሉ በዙሪያቸው ያሉት መተላለፊያዎችና የውሃ መውረጃ ቦዮችም አብረው ተፈልፍለዋል፤ ከምድር በታች ዘልቆ የቆመ ሕንፃ የውሃ መውጫ ባይበጅለት ኖሮ ክረምት በገባ ቁጥር ዙሪያው ኩሬ በሆነ ነበር። በአውሮፓም ጆን ማክአዳም የተባለው እስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1816 የብሪስቶል አካባቢ መንገዶች ኃላፊ ሆኖ ከተሾመ ወዲህ በሥራና በጽሑፍ ያስተማረው ዋና ነገር፣ ክብደቱን በእውነት የሚሸከመው ከሥር ያለው አፈር ስለሆነ አፈሩ ደረቅ ሆኖ እንዲቆይ መደረግ እንዳለበት ነው። ይህ ትምህርት ለአገር ጎዳና የተሰጠ ቢሆንም፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 ለሆነ የግቢ መንገድም ሳይለወጥ ይሠራል።

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህም የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት፣ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ ልክ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ርዝመቱ 18 ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ መተላለፊያ 21.6 ካሬ ሜትር ነውና፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 648 ሊትር ይቀበላል፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል ሦስት ሞልቶ የሚተርፍ ነው። ብዙ አይደለም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ከጎኑ ያለው የመጋዘን ጣራ 100 ካሬ ሜትር ቢሆን ያው ዝናብ በጣራው ላይ 3,000 ሊትር፣ ማለት 15 በርሜል ይሆናል። አሸንዳ የሌለው ወይም አሸንዳው ተበስቶ የሚያፈስ ጣራ ይህን 15 በርሜል ውሃ በመተላለፊያው ላይና በግድግዳው ሥር ይደፋዋል። ስለዚህ ንጣፉን ከማሰብ በፊት አሸንዳውን ማሰብ ይገባል፤ የአሸንዳው መውረጃ ቱቦም ጫፉ በመንገዱ ላይ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ቦዩ መግባት አለበት። ሰው ድንጋዩን ሲወቅስ ጥፋቱ የጣራው ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለምሳሌ ያህል በቅርብ የማውቀውን አንድ ግቢ ላንሣ። ጸሐፊ ሆኜ የማገለግላቸው ነጋዴ ቡና ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ሲሆኑ፣ መጋዘናቸው ከከተማው በስተደቡብ ጥቁር አፈር በበዛበት ሰፈር ይገኛል። ከበሩ እስከ መጋዘኑ ያለውን 18 ሜትር መተላለፊያ በአንድ ፈጣን ግንበኛ እጅ፣ በቃል ውል ብቻ፣ አስነጠፉት። ግንበኛው ድንጋዩን በስፋቱ እንደ ጠረጴዛ ልክ አድርጎ፣ በርዝመቱም መሬቱን ተከትሎ፣ መገጣጠሚያውን ሁሉ በሲሚንቶ ሞልቶ አስረከበ፤ ያየው ሁሉ አደነቀ። ሐምሌ ሲገባ ግን ውሃው በመካከሉ እየቆመ፣ ሲበዛም ወደ መጋዘኑ ደጃፍ መጓዝ ጀመረ። ግንበኛው ተጠርቶ በደጃፉ ላይ ከሲሚንቶ አንድ መከላከያ ሠራ። ይህ መድኃኒት ከበሽታው የከፋ ሆነ፤ ውሃው በደጃፉ እንዳይገባ ቢከለከልም ከግድግዳው ሥር ቆሞ በመሠረቱ በኩል ሰርጎ ገባ። በነሐሴ ጆንያዎቹ ለጭነት ሲነሡ የታችኛው ረድፍ ከሥሩ ረጥቦ፣ አንዳንዱም ሻግቶ ተገኘ።

የቡናን ጠባይ ለሚያውቅ ነጋዴ የዚህን ትርጉም መግለጽ አያስፈልግም። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ውሳኔ፣ የእርጥበቱ መጠን ከመቶ 8 በታች ወይም ከመቶ 12.5 በላይ የሆነ ጥሬ ቡና ወደ ውጭ እንዳይላክ አሳስቧል። የረጠበው ከደረቀው ጋር ተደባልቆ ቢላክ ሽታው ለጭነቱ ሁሉ ይተርፋል። ስለዚህ የረጠበው ተለይቶ፣ የቀረውም እንደገና ተመርምሮና ተመዝኖ እስኪዘጋጅ ድረስ በጂቡቲ ቦታ የተያዘለት መርከብ አለፈው። ከገዢው የመጣውን ደብዳቤ የተረጎምሁት እኔ ስለነበርሁ ቃሉን አልረሳሁትም። ዋጋ ይቀነስልኝ የሚል አልነበረም፤ በሚመጣው ዓመት ከዚሁ ቤት ለመግዛት ወይም ላለመግዛት ገና እያሰበበት መሆኑን በትሕትና የሚያስታውቅ ነበር። የሃያ ዓመት ደንበኝነት በጥቂት ካሬ ሜትር ድንጋይ ምክንያት ሚዛን ላይ ወጣ ማለት ነው። ግንበኛው በበኩሉ ሲጠየቅ «ስለ ተዳፋት የነገረኝ የለም፤ ልክ የሆነ ሥራ አሉኝ፣ ልክ አድርጌ ሠራሁ» አለ። በቃል ውል ላይ ለሚከራከር ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝለትም።

ከክረምቱ በኋላ የተጠሩት ሁለተኛው ግንበኛ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። በመጡበት ዕለት ድንጋዩን ከማየታቸው በፊት «ጌታው፣ ይህ ውሃ በመጨረሻ የሚወጣው በየት ነው?» ብለው ጠየቁ፤ የሚመልስላቸው ስላልተገኘም ከግቢው ወጥተው በጎዳናው ዳር ያለውን የከተማውን ቦይ ጥልቀት በዱላቸው ለኩ። ከዚያም 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልተው አንዱን ጫፍ በበሩ፣ ሁለተኛውን ጫፍ በመጋዘኑ ደጃፍ አስያዙ። ውሃ በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማልና፣ በቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ እስካልቀረ ድረስ ከዚህ የሚበልጥ ርካሽና የታመነ መለኪያ የለም። በዓይን ሲታይ ግቢው ወደ በሩ ያዘቀዘቀ ይመስል ነበር፤ ቱቦው ግን የመጋዘኑ ወለል ከበሩ መድረክ በ11 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ መሆኑን አሳየ። እንግዲህ ፊተኛው ንጣፍ ምንም ያህል ቢያምር ውሃው የሚሄደው ወደ ቡናው ነበር። የከተማው ቦይ ወለል ግን ከበሩ መድረክ 60 ሳንቲ ሜትር ይጠልቅ ስለነበረ መፍትሔው እዚያው ተገኘ።

አዲሱ አሠራር የሚከተለው ነው። የበሩ መድረክ ከፍታ ዜሮ ይባል። የመጋዘኑ ወለል ከዜሮ በታች 11 ነው። መተላለፊያው በመጋዘኑ ደጃፍ ከወለሉ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ከዜሮ በታች 16 ላይ ተጀመረ፤ ከመጋዘኑ እየራቀ ሦስት ሜትር ሲሄድም በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ከዜሮ በታች 22 ደረሰ። በዚህ ቦታ መንገዱን የሚያቋርጥ፣ በብረት ፍርግርግ የተከደነ ቦይ ተሠራ። ከበሩ በኩል ያለው 15 ሜትርም ወደዚሁ ቦይ ያዘቀዝቃል፤ 22 ሳንቲ ሜትሩ ለ15 ሜትር ሲካፈል በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ስለዚህ ውሃው ከሁለቱም አቅጣጫ ወደ ፍርግርጉ ይመጣል እንጂ ወደ ደጃፉ የሚደርስበት መንገድ የለውም። የቦዩ ወለል ከንጣፉ 10 ሳንቲ ሜትር የጠለቀ ሆኖ ከዜሮ በታች 32 ላይ ይጀምርና፣ በአትክልቱ ዳር 16 ሜትር ተጉዞ፣ በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር እየወረደ በበሩ አጠገብ ከዜሮ በታች 48 ይደርሳል። ይህም ከከተማው ቦይ ወለል ገና 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነው። ወደ በሩ በቀረበ መጠን ቦዩ ስለሚጠልቅ ሰው እንዳይወድቅበት በድንጋይ ክዳን ተሸፈነ። ቁጥሩን እንዲህ በዝርዝር ያቀረብነው ማንም ሰው የራሱን ግቢ በዚሁ መንገድ እንዲያሰላ ነው፤ ሒሳቡ ከመደመርና ከመቀነስ አያልፍም። ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥም፤ መጀመሪያ መውጫው፣ ቀጥሎ ቦዩ፣ በመጨረሻ ንጣፉ ነው።

ስለ አፈሩ ጠባይ ጥቂት ማለት ግድ ይሆናል። በእንጦጦ ግርጌ ባሉት ሰፈሮች የሚበዛው ቀይ አፈር ለግንበኛ የተመቸ ነው። በቦሌና በአቃቂ ቃሊቲ በኩል በብዛት የሚገኘው ጥቁር አፈር ግን ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በላዩ የተነጠፈ ድንጋይ ከዓመት ዓመት ከፍ ዝቅ ሲል ስለሚኖር፣ ዛሬ በልክ የተሠራ ተዳፋት ከጥቂት ክረምት በኋላ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ሊያዘቀዝቅ ይችላል። ስለዚህ በቀይ አፈር ላይ ለእግረኛ መንገድ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል መቆፈር ሲበቃ፣ በጥቁር አፈር ላይ ግን እስከ ግማሽ ሜትር አውጥቶ በገረጋንቲ፣ ወይም ከቢሾፍቱ አካባቢ በሚመጣው ቀይ አሽ መተካት ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ጥቁር አፈር ውሃ አያሳልፍም፤ ገረጋንቲና ቀይ አሽ ግን ያሳልፋሉ። የተቆፈረው ጉድጓድ ወለሉ ዝርግ ከሆነ በድንጋዩ መካከል የሰረገው ውሃ ሁሉ እዚያ ተጠራቅሞ ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል፤ ጥቁሩ አፈር ከገንዳው እየጠጣ ያብጣል፤ ለቁፋሮና ለመሙያ የወጣው ገንዘብም ጉዳቱን ከማቃለል ይልቅ ያብሰዋል። ስለዚህ የማይታየው የጉድጓዱ ወለል ራሱ የሚታየው ንጣፍ ያለውን ተዳፋት ይዞ መቆፈር፣ በዝቅተኛው ጫፉም የተጠራቀመው ውሃ ወደ ቦዩ የሚወጣበት ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። ከሥራው ሁሉ ይህን ክፍል ባለቤቱ ራሱ ቆሞ ቢያየው እመክራለሁ፤ ከተሸፈነ በኋላ የሚያየው የለምና። መሙያውም በአንድ ጊዜ ተደፍቶ ከላይ ብቻ የሚረገጥ ሳይሆን፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ተነጥፎ፣ በመጠኑ እርጥብ ሆኖ፣ በደንብ የሚጠቀጠቅ ነው። በእጅ ሲጨብጡት የሚያያዝ፣ ነገር ግን ውሃ የማያንጠባጥብ ከሆነ እርጥበቱ ልክ ነው። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ከመንገዱ አጠገብ የቆመ እንደሆነም መንገዱን ራቅ ማድረግ ይበጃል፤ ሥሩ ጥቁሩን አፈር በበጋ ይበልጥ ስለሚያደርቀው ንጣፉ በዚያ በኩል ይሰምጣል።

ከተጠቀጠቀው መሙያ በላይ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አሸዋ ይነጠፋል። ይህ ውፍረት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ተዳፋቱን ከሥር ሳያበጁ በአሸዋው ብቻ አስተካክለው ለማሳመር የሚሞክሩ ግንበኞች አሉ፤ አሸዋው በወፈረበት በኩል ድንጋዩ ይበልጥ ስለሚቀመጥ ተዳፋቱ ወራት ሳይቆጠር ይጠፋል። ከዚያም በችካልና በተወጠረ ሲባጎ እየተመሩ ድንጋዩን ከዝቅተኛው ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ መደርደር ነው።

የድንጋዩ ምርጫ እንደ ሥራው ይለያያል። ከ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ወዲህ በከተሞቻችን የተስፋፋው፣ ኮብል ስቶን እየተባለ የሚጠራው ጥርብ ድንጋይ ለብዙ ወጣቶች የጠራቢነት ሙያ ከማስገኘቱም በላይ፣ ለጋሪና ለከባድ ሸክም የሚሆን ብርቱ ንጣፍ ነው። የአምቦ ድንጋይ የሚባለው አሸዋማ ድንጋይ መልኩ ያማረ፣ ለመጥረብም የቀለለ ነው፤ ነገር ግን ውሃ ስለሚጠጣ ፀሐይ በማያገኘው ጥላ ሥር አረንጓዴ ሽበት ያወጣል። ለቤት ውስጥ ወለል የተሠራውን ለስላሳ ሸክላ ንጣፍ ለውበቱ ብሎ ከቤት ውጭ የሚያነጥፍ ነጋዴ ግን በእኔ አስተያየት ደንበኛውን በዝናብ ቀን ለመጣል የተዘጋጀ ሰው ነው። መገጣጠሚያውንም በሚመለከት፣ በጥቁር አፈር ላይ ሲሚንቶ ከመሙላት ይልቅ ደረቅ አሸዋ በመጥረጊያ እየጠረጉ ማስገባት ይመረጣል። ሲሚንቶው መሬቱ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል፤ በአሸዋ የተያያዘው ግን የሰመጠውን ቦታ ብቻ አንሥቶ፣ ከሥሩ ሞልቶ፣ በዚያው ድንጋይ መልሶ ለማንጠፍ ያስችላል።

መንገዱ በርዝመቱ ከሚኖረው ተዳፋት ሌላ በስፋቱም ወደ ቦዩ ማዘንበል ይገባዋል። ለዚህም በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 ለሆነ መንገድ በሁለቱ ጠርዞች መካከል ያለው ልዩነት 2.4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ለድንጋይ ንጣፍ ከዚህ ቢያንስ ውሃው በድንጋዮቹ ሸካራነት ተይዞ ይቆማል። ከ3 ሳንቲ ሜትር ቢበልጥ ደግሞ የሚጎዳው ሌላ ነው፤ 60 ኪሎ ጆንያ በጫንቃው ተሸክሞ በእርጥብ ድንጋይ ላይ የሚሄድ ሰው አንድ እግሩ ከሌላው እየዘቀጠበት ወገቡን ይታመማል፣ ሊወድቅም ይችላል። ጋሪም ወደ አንድ ወገን እየሳበ ያስቸግራል። ስለ ባለ ሸክሞች ደህንነት በግንባታ ጊዜ የሚያስብ ባለ ግቢ ብዙ ስለማይገኝ ይህን ማንሣቴ ከነገር ውጪ አይመስለኝም።

ጠርዙም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ድንጋዮቹ ወደ ጎን እንዳይሸሹ በሁለቱም ዳር የሚይዛቸው፣ በሲሚንቶ የተተከለ ጠርዝ ድንጋይ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ በዝቅተኛው ጎን ያለው ጠርዝ ከንጣፉ ከፍ ብሎ መቆም የለበትም፤ ከፍ ካለ ውሃውን እንደ ግድብ ይይዘዋል። የአትክልቱ አፈርም እንዲሁ ነው። መንገዱ ሲሠራ አፈሩ ከንጣፉ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ተደርጎ ይተዋል፤ አትክልተኛው ግን በየዓመቱ ፍግና ለም አፈር እየጨመረበት ከጥቂት ዓመታት በኋላ አበባው ከመንገዱ በላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ውሃው ከመንገዱ ወደ አትክልቱ ሳይሆን ጭቃውን ይዞ ከአትክልቱ ወደ መንገዱ ይወርዳል። ስለዚህ አዲስ አፈር በተጨመረ ቁጥር ከዳር ያለውን መቀነስ የአትክልተኛው ግዴታ መሆኑ ይነገረው።

ውሃው ከግቢው ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለንብረት በመሬቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ከመጉዳት እንዲጠነቀቅ ያዝዛል። ቀድሞ በሣርና በአፈር ላይ ተበትኖ ይሰርግ የነበረውን ውሃ በድንጋይ ንጣፍ ሰብስቦ በአንድ ቀዳዳ በኩል ወደ ጎረቤት አጥር የሚለቅ ሰው ጎረቤቱን ማስከፋቱ አይቀርም፤ በንግድ ሰፈር ደግሞ የጎረቤቱ ግድግዳ ብዙ ጊዜ የሌላ ነጋዴ መጋዘን ነው። የዝናቡን ውሃ ወደ መጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ማስገባትም የማይገባ ሥራ ነው፤ ጉድጓዱ በአንድ ዶፍ ሞልቶ ገንፍሎ ለጤና አደገኛ ይሆናል። ትክክለኛው መውጫ የከተማው የዝናብ ውሃ ቦይ ሲሆን፣ ከዚያ ጋር ከማገናኘት በፊት የወረዳውን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። ቦይ በሌለበት ሰፈር በድንጋይ የተሞላ የማስረጊያ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ግን አስቀድሞ ይፈተን። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ትንሽ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉበት፤ በማግሥቱ ውሃው እንዳለ ከተገኘ ያ መሬት አያሰርግምና ገንዘብዎን አያባክኑበት።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ የእግረኛ መንገዶች በአዲስ መልክ ስለተነጠፉ፣ በዋና ጎዳና ላይ ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎች የደጃፋቸውን ከፍታ ከአዲሱ ንጣፍ ጋር ደግመው ቢለኩት መልካም ነው። የሱቅ ወለል ከደጃፉ ንጣፍ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል የታመነ ነው። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ ከላይ እንደተጻፈው ምሳሌ፣ ከደጃፉ ፊት ለፊት በፍርግርግ የተከደነ ቦይ ማድረግና የሱቁን ዕቃ ከወለሉ በእንጨት መደብ ከፍ አድርጎ፣ ከግድግዳውም አራርቆ መደርደር ያስፈልጋል። ሲሚንቶና ስኳር የሚሸጡ ነጋዴዎች ይህን ሳይነገራቸው ያደርጉታል፤ ጨርቃ ጨርቅና የታሸገ ዕቃ የሚያከማቹት ግን ካርቶኑን በባዶ ወለል ላይ ሲያስቀምጡ ይታያሉ።

አሁን ወደ ውሉ እንመለስ። ለሁለተኛው ሥራ የተጻፈው ውል አንድ ገጽ የማይሞላ ነበር፤ ቢሆንም የቁፋሮው ጥልቀት፣ የአሸዋው ውፍረት፣ የእያንዳንዱ ነጥብ ከፍታና የቦዩ ተዳፋት በቁጥር ተጽፎበታል። «በጥሩ ሁኔታ» ወይም «እንደ ደንቡ» የሚል ቃል አልገባበትም፤ እንደዚህ ያለውን ቃል ሁለቱም ወገኖች እንደ ፍላጎታቸው ይተረጉሙታልና። ከሒሳቡም አሥረኛው እጅ እስከ መጀመሪያው ከባድ ዝናብ ድረስ ሳይከፈል እንዲቆይ ሁለቱም ተስማሙ። ሽማግሌው ግንበኛ በዚህ ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም «ሥራዬን ዝናብ ይመስክርልኝ» ብለው ፈረሙ። ርክክቡ በሚደረግበት ቀንም መንገዱ ላይ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ውሃ በየቦታው ተደፍቶ ወዴት እንደሚሄድ ታየ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ቆሞ የተገኘበት አንድ ቦታ ስለነበረ አራት ድንጋይ ተነሥቶ እዚያው ተስተካከለ። ሦስት ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት በንጣፉ ላይ በርዝመቱ አጋድሞ ከሥሩ የሚታየውን ክፍተት መመልከትም ሌላ ቀላል ፈተና ነው፤ ከአንድ ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ክፍተት ካለ ኩሬ የሚሆን ቦታ ነውና ይታረም።

ለሥራው የሚመቸው ጊዜ መስቀል ካለፈ በኋላ መሬቱ ትንሽ ሲጠነክር ይጀምራል። ጥቁር አፈር ከኅዳር እስከ ጥር ለቁፋሮ ይመቻል። በመጋቢትና በሚያዝያ የበልግ ዝናብ ሊያቋርጥ ስለሚችል ያን ጊዜ የተከፈተ ጉድጓድ ማደር የለበትም። ሥራውን እስከ ግንቦት መጨረሻ ማዘግየት ግን ግንበኛውን ከዝናቡ ጋር ማሽቀዳደም ነው፤ ውድድሩንም የሚያሸንፈው ዝናቡ ነው።

ከሥራው ፍጻሜ በኋላ የሚቀረው ጥገና ቀላል ነው። ቦዩ ከግቢው ከመውጣቱ በፊት ወለሉ ከቱቦው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የጠለቀ አንድ የደለል ጉድጓድ ይበጅለት፤ አሸዋው፣ ቅጠሉና ከጆንያ የወደቀው ፍሬ ሁሉ እዚያ ይቀራል እንጂ ቱቦውን አይዘጋም። ይህ ጉድጓድ በግንቦት መጨረሻ አንድ ጊዜ፣ በክረምቱ ወራት ደግሞ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይጠረጋል። ከመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በኋላ በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ያለው አሸዋ ጎድሎ ስለሚገኝ ደረቅ ቀን ጠብቆ እንደገና መሙላት ያስፈልጋል። የብረት ፍርግርጉ ከቦታው እንዳይወሰድ በሰንሰለት ይታሰር፤ ቁልፉም ሌሊት ዝናብ ሲጥል ፍርግርጉን ከፍቶ ቅጠሉን የሚያነሣው ዘበኛ እንጂ ጠዋት የሚመጣው ጸሐፊ ዘንድ አይቀመጥ።